ፎቶው አንተን አይመስልም

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። “መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌዎት ነበር” አለ። ይቺን “ለአንድ ጉዳይ” የምትባል አነጋገር ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ፤ ወይ ሽምግልና ናት፣ ወይ የድጋፍ ደብዳቤ ናት፣ ወይ ብር ናት። ሽምግልናም ደብዳቤም አልነበረችም።

የተቀጣጠርነው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ ከድንጋዩ አንበሳ ሥር ነው። ልጁ (ሠላሳ አምስት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ለእኔ ግን ሁልጊዜም “ልጁ” ነው) ተዋናይ ነው። ስሙን ሰምታችሁት አታውቁም፤ መልኩን ግን ሳታዩት አልቀራችሁም። አንዱ ተከታታይ ድራማ ላይ የበሽተኛውን አልጋ እየገፋ የሚያልፈው እሱ ነው። ሌላው ላይ “ጌታዬ፣ መኪናው ደርሷል” ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። አንድ የመድረክ ቴአትር ላይ ደግሞ ዋናው ተዋናይ ሲታመም የሚገባ ተጠባባቂ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ ግን፣ እግዚአብሔር ጤናውን አብዝቶ ይስጠውና፣ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን አልያዘውም።

ከአንዲት ካፌ ገብተን ማኪያቶ አዘዝን። ልጁ ስኳሩን ሦስት ጊዜ አማሰለና፣ “መምህር፣ 8,000 ብር ቢያበድሩኝ…” አለ።

“ለምን?”

“ለፎቶ። አንድ ኤጀንሲ አለ። ፎቶውን የሚያነሱት እነሱው ናቸው፤ ከዚያ መዝገባቸው ውስጥ ይከቱኛል። ዳይሬክተሮቹ በሙሉ ከዚያ ነው የሚመርጡት ይባላል።”

“ይባላል” የምትለዋን ቃል ጆሮዬ ሳይይዛት አልቀረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ለሰው ስመክር የኖርኩ ነኝ። ግን ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት? እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይኖርብኛል።

የዛሬ 13 ዓመት ገደማ ይህ ልጅ እኔ የማስተምረው የድራማ ንባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ቀን የመንግሥቱ ለማን “ጠልፎ በኪሴ” እየተቀባበሉ ሲያነቡ ተራው ደረሰው። ምን ልበላችሁ! ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ቀና አሉ። በዓመቱ መጨረሻ ቢሮዬ መጥቶ፣ ቆሞ፣ “መምህር፣ ተዋናይ ብሆንስ?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የምለቀልቀውን የፈተና ወረቀት ሳላስቀምጥ፣ “ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ሆድ ግን በድምፅ አይሞላም። ዲግሪህን ይዘህ ሥራ ፈልግ” አልኩት። እሱ ምክሬን አልሰማም፤ እኔ ግን የተናገርኩትን አልረሳሁም። 8,000 ብሩ እንግዲህ ለፎቶ ብቻ አልነበረም። ለእኔም የህሊና ማስታገሻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡልኝ። በአንደኛው የሰው ሱፍ ለብሶ የሰው መኪና ተደግፏል። በሁለተኛው መነጽር አድርጎ ወደማይታይ ሩቅ ነገር ይመለከታል። ፊቱ በኮምፒዩተር ተወልውሎ ከግንባሩ ላይ ያቺ የልጅነት ጠባሳው እንኳ ጠፍታለች። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ “ይሄ ደግሞ ማነው?” አለችኝ። ተማሪዬ ነው፤ ያ እዚህ መጥቶ ቡና የጠጣው ልጅ አልኳት። “ኧረ በጭራሽ! እሱን አይመስልም” አለች።

ኤጀንሲው መጀመሪያ ስልክ አላነሳም፤ ቀጥሎ ስልኩም መጥራት ተወ። በሁለተኛው ወር ልጁ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ “ቀስ እያልኩ እከፍልዎታለሁ” አለ። ዕዳውን ተወውና አንድ ነገር አንብብልኝ፣ ወይም በቃልህ የያዝከውን አንድ ቃለ ተውኔት አሰማኝ አልኩት። ዝም አለ። የሚያፍር መስሎኝ ጠበቅሁት። “መምህር፣ ምንም የያዝኩት የለም። ካነበብኩም ዓመት አልፎኛል” አለኝ።

ሁለታችንም ብርቱካኑን ማየት ያዝን።

በእርግጥ አበል የሚከፈለው መምህር፣ በቀን ሥራ የሚያድር ተዋናይን “ገንዘብ አያስፈልግህም” ቢለው ነውር ነው። ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ታክሲው ግን ክፍያ አለው። የቤት ኪራይ “ቴአትሩ እስኪከፈት ልታገስ” አይልም። ጥያቄው እንግዲህ ብር ያስፈልጋል አያስፈልግም አይደለም። ያቺ ጥቂት ብር የት ትዋል ነው። ልጁ ያለውን ሁሉ ለመታየት አውሎት፣ ሲታይ የሚያሳየው ነገር ግን ሳያዘጋጅ ቀርቷል። ለዚህ ጥፋት ደግሞ ግማሹን ገንዘብ የከፈልኩት እኔው ነኝ።

ወጋየሁ ንጋቱን አስቡ። ትልቅ የመድረክ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በሬዲዮ ባነበበው “ፍቅር እስከ መቃብር” ነው። ሱፍ አልነበረም፣ መኪና አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ማይክሮፎንና ለየሰዉ የሚለዋወጥ አንድ ድምፅ ነበር። ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። “የቀን ቅኝት” የሚባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ከ250 በላይ ክፍል ሲተላለፍ የተዋንያኑን ፊት ያየ አድማጭ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀመር ብዙ የጥበብ ሰዎች የውጭ ድራማ ሊያጥለቀልቀን ነው ብለው ተቆጡ፤ ቁጣውም መሠረት ነበረው። ያም ሆኖ እነዚያን ድራማዎች አማርኛ ያናገራቸው የእኛው ልጆች ድምፅ ነው። ድምፅ ያለው ተዋናይ አንድ ተጨማሪ በር አለው፤ ያ በር ደግሞ ፎቶ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

ምን ላንብብ የሚል ካለ፣ ወመዘክር አለለት። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት አለለት። የመንግሥቱ ለማን፣ የፀጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ቁጭ ብሎ በእጅ መገልበጥ ይቻላል። ለልጁ የሰጠሁት የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይኸው ነበር፤ ሁለት ቃለ ተውኔት፣ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያስለቅስ፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ደቂቃ የማይበልጡ። “በየትኛውም ሰዓት ከእንቅልፍህ ብቀሰቅስህ የምትወጣቸው ይሁኑ” አልኩት።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። በአራተኛው ቅዳሜ “እንቅረጸው” ተባለ። የሳሎናችንን አንድ ግድግዳ ባለቤቴ ባዶ አደረገችው፤ የሠርጋችን ፎቶ ሳይቀር ወረደ። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ብርሃን ከጀርባ ከመጣ ፊት ይጠቁራልና። ስልኩን በአግድም በመጻሕፍት ክምር ላይ፣ ልክ በዓይኑ ትይዩ አቆምነው። ስንት ዘመን የተሸከምኳቸው ወፋፍራም መዝገበ ቃላት በመጨረሻ ለቁም ነገር ዋሉ! ድምፁ እንዳያስተጋባ መሬቱ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍን። እኔ ከስልኩ አጠገብ ቆሜ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል አነበብኩለት፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ምክንያቱም የሚፈተነው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። (ሁለት ጊዜ ረስቼው ተወንኩ፤ ሁለት ጊዜም ባለቤቴ ተቆጣችኝ።) ሲልከውም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የላከው፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ፎቶም በዚያው ግድግዳ ላይ ተነሳ። ቀለሙ የማይጮህ ሸሚዝ፣ አንዱ ፈገግ ያለበት፣ አንዱ ዝም ያለበት። ጠባሳው ከነቦታው። ወጪ፦ የአንድ ጀበና ቡና።

ልጁ ብቻውን ቢቀጥል ኖሮ ግን ይህም እንደተለመደው በሦስት ወር ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹን አምጣ አልኩት። አምስት ሆኑ። ሰኞ ጠዋት አንዳቸው ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይቀርጻል፣ የሰሙትን ኦዲሽን አይደባበቁም። የኦዲሽኑን ወሬ መደበቅ በሙያው የቆየ በሽታ ነው፤ አምስቱ ግን መልካቸውም ዕድሜያቸውም ስለማይመሳሰል እምብዛም እንደማይሻሙ ዘግይተው ገባቸው። እቁብም ጣሉ፤ በወር 500 ብር። ባለ ዕጣው 2,500ውን ለሙያው እንዲያውለው ተስማሙ። አንዷ ያሰቃያትን ጥርሷን አስነቀለች፤ ተዋናይት በአንድ ጉንጭ ብቻ መናገር አትችልም። ሌላው ለስልኩ ትንሽ ማይክሮፎን ገዛ፤ አምስቱም ይጠቀሙበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደል?

ሁለት ሕግ ደግሞ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። አንደኛ፦ ለኦዲሽን አንከፍልም። ኦዲሽን የሥራ ፈተና ነው፤ ፈተናውን ለመፈተን መዝጋቢ ነኝ ብሎ ብር የሚቀበል፣ ሥራው ብር መቀበሉ ራሱ ነው። ሁለተኛ፦ ያለ ወረቀት አንሠራም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ መቼ ይከፈላል፣ ትራንስፖርቱ የማን ነው።

ሁለተኛዋ ሕግ እንደ አንደኛዋ ቀላል አይደለችም። ልጁ በየካቲት አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ የዘበኛ ቦታ አገኘ። ወረቀት ሲጠይቅ፣ የፕሮዳክሽኑ ሰው ሳቀና፣ “ምነው፣ አንተማመንም እንዴ?” አለው። ልጁ እንደነገረኝ ጉልበቱ ከዳው። ሥራው ከእጁ ሲወጣ ታየው። ቤት ውስጥ ሁለት ወር ያልተከፈለ ኪራይ አለ፤ ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ወሬውን የምትጠብቅ እናት አለች። “እንተማመናለን ጋሼ፤ ወረቀቱ እንዳንረሳ ነው” አለ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሰውየው ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀደደ። ክፍያው ሦስት ሳምንት ዘገየ፤ ወረቀቱ ስላለ ግን ተከፈለ። በደመወዙ ቀን 1,000 ብር ይዞልኝ መጣ። አልቀበልም አልኩት፤ አልሄድም አለኝ፤ ተቀበልኩት። ዕዳውን በራሱ እጅ የመክፈል ክብሩን በደግነት ስም ልቀማው አልፈለግሁም።

ድራማው የተላለፈ ቀን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየን። በሩ ተንኳኳ። ልጁ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወጣና በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ። “ማንን ልበል?” አለ። ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል። ግን ከዚያች “ማንን ልበል?” ውስጥ የሌሊቱ ብርድ ይሰማል፣ የእንግዳው ጥርጣሬ ይሰማል፣ ቤቱ የእሱ አለመሆኑም ይሰማል። የዛሬ 13 ዓመት ያ ክፍል ቀና ያለበት ድምፅ ነው።

ባለቤቴ ቡናዋን አስቀምጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። “አሁን እሱን ይመስላል” አለች።

ቅዳሜ እንደተለመደው ይመጣል። ሁለተኛ ብርቱካን እንዳይገዛ ነግሬዋለሁ፤ ለእቁቡ ያድርገው።