ዳዊት ፳፪ ወይስ ተሂሊም 23?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣

በቅርስ ትምህርታችን አያቶቻችን በቃላቸው የሚያውቁትን የኦሪትና የዳዊት ቃል ኮምፒውተር ላይ እየጻፍን ነው። የምንጽፍበት ኦብሲዲያን የሚባል የማስታወሻ ፕሮግራም ነው፤ አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር ያያይዛል። እኛም አንድ ትንሽ ነገር ጨመርንበት። ሰው «ነህምያ 9፥1» ብሎ ከጻፈ፣ በሲግድ የሚነበበው ክፍል በዕብራይስጥ በራሱ ተያይዞ ይመጣል። ታናክ ማገላበጥ ቀረ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ቃሉ ምን እንደሚል አይገባውም። የሚፈልገው የመጽሐፍ ስም፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ነጥብ፣ እንደገና ቁጥር ነው። ስለዚህ ስሞቹን ጎን ለጎን ጻፍንለት፤ እናንተ ዘፍጥረት የምትሉት ለእኛ በሬሺት ነው፣ ዘጸአት ሽሞት ነው። ይህ ቀላል ነበር።

ከባዱ ዳዊት ነው። ስለ እረኛው የሚናገረውን መዝሙር አንድ አባት «ዳዊት ፳፪» አሉን። በተሂሊም ግን 22ኛው ሌላ መዝሙር ነው፤ የእረኛው 23ኛ ነው። እሳቸው አልረሱም። የግዕዙ ዳዊት እንደ ግሪኩ ትርጉም የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ በግዕዙ ቁጥር ላይ አንድ መደመር ነው። እስከ መጨረሻው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት! የዕብራይስጡ 114 እና 115 በግዕዙ አንድ ይሆናሉ፣ 116 ለሁለት ይከፈላል፣ 147ም ይከፈልና ከ148 ጀምሮ ቁጥሩ እንደገና ይገጥማል። ሁሉንም በሰንጠረዥ አስገባነው። አሁን «ዳዊት» ተብሎ ሲጻፍ በግዕዙ፣ «ተሂሊም» ሲባል በዕብራይስጡ ቁጥር ይሄዳል።

ይህን ያህል የደከምንበት ምክንያት አለን። አንድ የልጅ ልጅ ፔሌፎኑ ላይ ሌላ መዝሙር ሲመጣለት፣ አያቴ አያውቁም ይላል እንጂ ፔሌፎኑን አይጠራጠርም። ዕብራይስጥ የማያነብ ትልቅ ሰው ምንም እንደማያውቅ የሚቆጠርበት ጊዜ እንዲሁም ብዙ ነው።

ፕሮግራሙ የማይደርስበት ግን ገና ብዙ አለ። ቄሶቻችን «ኦሪት እንዲህ ይላል» ብለው ቃሉን ይጀምራሉ እንጂ ቁጥር አይጠሩም። የምዕራፍ ቁጥር እኮ አውሮፓ ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን የወጣ ነው፤ ወደ አይሁድ መጻሕፍት የገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞ የእናንተ ኦሪት ከአምስቱ መጻሕፍት ሌላ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። «ኦሪት ላይ አለ» ስትሉን ቶራ ውስጥ ብቻ ብንፈልግ ላናገኘው እንችላለን።

ቁጥር የሌላቸውን ጥቅሶች ለብቻ በአንድ ገጽ አስቀምጠናል። በሰንበት ኮምፒውተር አይነካምና በሌላ ቀን ማታ እንመጣለን። እናንተ ቃሉን ጀምሩልን፣ እኛ በዕብራይስጡ እንፈልጋለን።