ሊያድን የሮጠው ሰው እንዳይቀበር

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ሮጠ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ደረሱ። ጭቃውን ሲቆፍሩ ተራራው እንደገና ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ናቸው።

ይህ ነገር ከውስጤ አይወጣም። ምክንያቱም እኛም ብንሆን እንሮጥ ነበር። በዚያው ሐምሌ ወር መጨረሻ እዚሁ ወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ፣ መሬት ተንሸራቶ ከ10 በላይ ሰው ሞቷል። በግንቦት 2008 ደግሞ፣ ድርቅ ሲያስጨንቀን በከረመበት ዓመት፣ ድንገት የበረታው ዝናብ በዞናችን ከ40 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል።

ያልተዘጋጀን ሰው አደጋ የሚያገኘው በድሃ አገር ብቻ አይደለም። በጥር 2006 አሜሪካ፣ አትላንታ ላይ የጣለው በረዶ ስድስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በረዶ ለለመደችው ቺካጎ ይህ ተራ ቀን ነው። አትላንታ ግን ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም በአንድ ጊዜ ተለቀቀና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ ልጆች ትምህርት ቤት አደሩ፣ አዋቂው መኪናው ውስጥ። ቴክሳስ የባሰ ደረሰባት። በ2003 ክረምቷ ኤሌክትሪክ ሲያቋርጥባት የኃይል ማመንጫዎቿንና የጋዝ መስመሮቿን ከብርድ እንድትከላከል ተመክራ ነበር። ምክሩ በአብዛኛው ሳይሠራበት አሥር ዓመት አለፈ። በየካቲት 2013 ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ መብራቱ ለቀናት ጠፋ፤ መንግሥቷ የመዘገበው ሟች ብቻ 246 ነው።

እኛስ? ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ናት፤ ተራራው ላይ የዘነበው ወደ እኛ ይወርዳል። በበጋ የየሰፈራችሁን ቦይ ተመልከቱ፤ አሸዋ፣ የውሃ ላስቲክ፣ የቤት ጥራጊ ሞልቶታል። ገጠር ደግሞ መሬት ጠቦ ሰዉ ገደሉን ጭምር ያርሳል፣ ከሥሩም ጎጆ ይቀልሳል። በዚህ ገበሬውን አልወቅስም፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

የሚያስፈልገን ደግነት ሞልቶ ተርፎናል። የጎደለን፣ ለዚህ ደግነት የሚሆን እውቀትና ደንብ ነው። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ብዙ ጊዜ ይደግማል። ስለዚህ ቆፋሪዎች ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው ሽቅብ እያየ ይቁም፤ መሬቱ ሲነቃነቅ ፊሽካ ይንፋ፣ ሁሉም ዶማውን ጥሎ ወደ ጎን ይሩጥ። አስቀድሞ የሚታይ ምልክትም አለ፦ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ዛፉ ያዘነብላል፣ ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ይፈልቃል፣ የጠራው ይደፈርሳል። ይህን ያየ ቤተሰብ በዚያው ቀን ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ይውጣ። የተቀበለው ጎረቤትም አያሳፍረው።

ይህን ለማድረግ አዲስ ድርጅት አንጠብቅ። እድር አለን። የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል፣ ድንኳን አለው፣ ሲጠራ ሁሉም ይመጣል። እስከ ዛሬ ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይበረታ የእድራችሁን ዳኛ አናግሩ፤ አንድ ስብሰባ ለዚህ ይዋል። ቦዩን ማን ይጠርጋል? ፊሽካውን ማን ይይዛል? አቅመ ደካማዋን እናት ማን ያወጣል? ስም ይጻፍበት። የግብርና ባለሙያውንም ጥሩት፣ ቁልቁለቱን አብሯችሁ ይይ።