ከምንዛሪ ተመን ወደ ጊትሀብ

ትጉ ፕሮግራመር አላምንም። ጥሩ የሚባለው ሁሉ ለስንፍናው የሚያገለግለው ነገር የሠራ ነው። እኔም ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ላይ ያልተዘጉ ጉዳዮችን ለማየት ድረ ገጽ ከፍቼ፣ ማውዝ እያንከባለልኩ አልለፋም። ጥቁሩ ተርሚናል ላይ «ከርል» ብዬ የኤፒአዩን (ፕሮግራሞች ጊትሀብን የሚያነጋግሩበትን በር) አድራሻ አስከትላለሁ፤ መልሱ በጄሰን እየተዥጎደጎደ ይወርዳል። መስመሯን ስክሪፕት ውስጥ ከትቼ በየማለዳው ራሷ እንድትሮጥ ካደረግኩ ደግሞ እኔ ቡናዬ ላይ ነኝ።

የዚች ትዕዛዝ የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሚደረሰው የኮድ ማከማቻ ላይ ሳይሆን የምንዛሪ ተመን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዳንኤል ስቴንበርግ የተባለ ስዊድናዊ አይአርሲ በሚባለው የጽሑፍ መወያያ ላይ ለሚሠራ ቦት የዕለቱን ምንዛሪ ከድረ ገጽ የሚያመጣለት ነገር ፈለገ። (ምንዛሪ እንቅልፍ የሚነሳው እኛን ብቻ ይመስለኝ ነበር።) ብራዚላዊው ራፋኤል ሳጉላ የጻፋትን ኤችቲቲፒጌት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አገኘና እሷ ላይ ይጨምርባት ጀመር። ተመኑ ጎፈር በሚባለው አሮጌ መንገድ ሲገኝ ጎፈርን ጨመረ፤ ቀጥሎ ኤፍቲፒን። ስሟ ዩአርኤልጌት ሆነ፤ ማርች 20 ቀን 1998 ደግሞ ከርል ተብላ ወጣች። ቁጥሯን ከቀደሙት ስለወረሰች የመጀመሪያዋ ከርል 4ኛ ናት፤ ጥርስ አብቅላ የተወለደች። ጊትሀብ በ2008 በሩን ሲከፍት እሷ 10 ዓመቷ ነበር።

የኤፒአዩ ዘበኛ ጥብቅ ነው። ማን መሆኑን ያልተናገረን ጥያቄ በ403 ይመልሳል፤ ከርል ግን ሳትጠየቅ ስሟንና ቁጥሯን ስለምትናገር እዚህ አትቸገርም። ቶክን የሚባለውን ምስጢራዊ መግቢያ ላልያዘ በሰዓት 60 ጥያቄ፣ ለያዘ 5,000 ይፈቅዳል። ትዕዛዙ ላይ ሰረዝ አይ ሲጨመርበት ከመልሱ በፊት ራስጌዎቹ ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከ60ው 59 ቀርቶሃል ይላል።

የምወድለት ግን ውሸቱን ነው። ለሕዝብ ያልተከፈተ ሪፖ (የአንድ ፕሮጀክት የኮድ ማኅደር) ያለፈቃድ ሲጠየቅ «አይፈቀድም» አይልም፤ «404፣ የለም» ነው የሚለው። መከልከል መኖሩን መመስከር ነዋ! ጌታው ሳሎን ተቀምጠው «የሉም» የሚል ዘበኛ ያልገጠመው ማን አለ? ቶክኑ አንዲት ፈቃድ የጎደለችው ሰው ይህን ካላወቀ አድራሻውን ፊደል በፊደል ሲፈትሽ ይውላል።

እስከ ኖቬምበር 2020 ድረስ ወደ ኤፒአዩ በይለፍ ቃል መግባት ይቻል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በራስ ስም ለመግባት ያለ ቶክን አይሆንም። ሆኖም ቶክኑን ትዕዛዙ ላይ በግልጽ የሚጽፍ አለ። ተርሚናል የተጻፈበትን አይረሳም፤ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት የነካ ሁሉ ያነበዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የጊትሀብ የራሱ መሣሪያ፣ ጂኤች፣ ቶክኑን እሱው ስለሚይዝ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። እኔ ራስጌዎቹን ማየት ስለለመድኩ ከከርል አልተለየሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኤፒአዩ ዝርዝር ሲጠየቅ ካልነገሩት በስተቀር 30 ብቻ ይሰጣል፤ ቢበዛ 100። ቀሪው በሚቀጥለው ገጽ ነው። በየሳምንቱ ለአለቃው «ያልተዘጉት ጉዳዮች 30 ናቸው» እያለ ሪፖርት የሚያቀርብ ካለ፣ ሁለተኛውን ገጽ ጠይቆ አያውቅም። አለቃው ግን ቁጥሩ ስለማይጨምር ያመሰግነዋል።