ወደ ሐሪሳ ተራራ

ከቤይሩት ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጁኒየ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ቀና ሲል ከባሕር ወለል 650 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ተራራ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቁልቁል የምትመለከት የእመቤታችን ነጭ ሐውልት ያያል። ቦታው ሐሪሳ ይባላል። በሊባኖስ የምንሠራ እኅቶች እሑድ መውጣት የቻልነው በእግራችን፣ ያልቻልነው ደግሞ ከማዳም መኪና መስኮት አይተነዋል።

ሐውልቱ በፈረንሳይ አገር ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1908 በሜይ ወር የመጀመሪያ እሑድ ነበር፤ በዓሉም በየዓመቱ በዚያው እሑድ ይከበራል። ቦታው የማሮናውያን ካቶሊኮች ስለ ሆነ ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል፤ የምናስቀድሰውም በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሆኖም የሊባኖስ ተራራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ትውፊት ቅድስት ሐና እመቤታችንን የወለደቻት በዚሁ በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሲሆን እናቶቻችን ንፍሮ ቀቅለው ከደጅ የሚያወጡት ስለዚህ ነው። የሐሪሳው በዓል ከእኛ ልደታ የሚቀድመው በጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ይህን ትውፊት ማን አስተማረን? ብዙዎቻችን ስንዴውና ሽምብራው ሲለቀም፣ ጎረቤት ሲጠራራ፣ እሳቱ ከደጅ ሲነድ አይተን ነው ያደግነው። ምክንያቱን የጠየቅነው ከፍ ካልን በኋላ ነው።

የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1997 ሊባኖስን ሲጎበኙ ከወጣቶች ጋር የተገናኙት እዚሁ ሐሪሳ ነበር። ለወጣት ብዙ የተነገረበት ቦታ ነው ማለት ነው። እኔ ዐይኔን የጣልሁት ግን ምንም በማይናገር አንድ አባት ላይ ነው። በሜይ ወር ከጁኒየ ጀምረው በባዶ እግራቸው የሚወጡ ምእመናን አሉ። ይህ ሰው በሐውልቱ መቀመጫ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ከሚወጣው ደረጃ ሥር ደርሶ ጫማውን አወለቀና መቁጠሪያውን እያንቀሳቀሰ መውጣት ጀመረ። ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጁ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ይከተለዋል። አባትየው ዞር ብሎም አላየው። ከደረጃው እኩሌታ ላይ ልጁ ማዳመጫውን ነቀለ፤ አንዱን ብቻ! ጫማውንም አላወለቀም። እኔ ግን ያን ቀን ለዚያ ልጅ ይበቃዋል እላለሁ።

የተወደዳችሁ እኅቶች፣ የእኛ ጭንቅ ከዚያ አባት ይከብዳል። በ8 እና በ9 ዓመታቸው ትተናቸው የመጣን ልጆች ዛሬ 15 እና 16 ዓመት ሞልቷቸዋል። ከፊታቸው ወጥተን የምናሳያቸው ደረጃ የለም። ያለን ስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ የሚቀናን ምክር ነው። «ጹሚ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አያትሽን ስሚ» እንላለን፤ ልጅቷም «እሺ እማ» ብላ ስለምንልከው ብር ትጠይቃለች። ጹሚ የምንላትን ጾም እኛ ራሳችን ስንጾም አይታን አታውቅም።

ከሐሪሳ ስንመለስ በሰርቪስ አብራን የተሳፈረች እኅት የነገረችን ከዚህ ጋር ይሄዳል። ደሴ ከአያቷ ጋር የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ አለቻት። አንድ ረቡዕ በቪዲዮ ስታነጋግራት ልጅቷ የእናቷን ሳህን አይታ «ሥጋ እያለ ለምን ምስር ብቻ ትበያለሽ?» አለቻት። እናትየው ድክም ብሏት ስለ ነበር «ረቡዕ አይደል እንዴ?» ብላ ዝም አለች። ስብከትም አልጨመረችበት። «ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ራሷ ትደውላለች» አለችን። «ዛሬስ ምን በላሽ? ሳህኑን አሳዪኝ ትለኛለች። እሷስ ትጹም አትጹም ገና አልጠየቅኋትም።»

በሜይ ወር ለመሄድ ያሰበች እኅት በጠዋት ብትነሣ ይሻላታል። ከጁኒየ በሽቦ ላይ የሚወጣው ቴሌፈሪክ አለ፤ በሰርቪስም ይደረሳል። ቀትር ላይ ሰው ይበዛል፤ ደረጃውም ለባዶ እግር ይፋጃል።