ቃልና ምላጭ

ኢራ ግላስ የተባለው አሜሪካዊ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ሳለ፥ በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሕዝብ ራዲዮ ለልምምድ ገባ። ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ድምፅ የተቀረጸበትን የቴፕ ክር በምላጭ መቍረጥ ነበር።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ክሩ በሰከንድ 19 ወይም 38 ሳንቲ ሜትር ይሮጣል፤ በፈጣኑ አካሄድ ግማሽ ሰከንድ የቈየ ትንፋሽ አንድ ስንዝር ያህላል። ቈራጩ ክሩን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየጐተተ ቃሉ የሚጀምርበትን ያደምጣል፤ በእርሳስ ያመለክታል፤ በሰያፍ ቈርጦም ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ ይገጥማል። መንተባተቡ ቢወጣ ንግግሩ ይጠራል፤ ትንፋሹም ሁሉ ቢወጣ ግን፥ እያመነታ የመለሰው ሰው ቈርጦ የተናገረ ይመስላል። እንግዲህ ባለቤቱ በሌለበት ቃሉን ከምላጭ በታች ያኖረ ተማሪ የማያውቀውን ሰው ክብር ይዟል። ለዚያ ዕድሜ ይህን የሚያህል አደራ የሚሰጥ ሥራ ጥቂት ነው።

ግላስ መቍረጡን ቶሎ ቢለምድም፥ የራሱን ዘገባ አሳምሮ መጻፍ ለብዙ ዓመታት አልሆነለትም። በሙያው 8 ዓመት ከቈየ በኋላ የሠራውንም አንድ ዘገባ፥ ስሙ ከገነነ ወዲህ ለሰው አሰምቶ ራሱ ነቅፎታል። (እንዲህ የሚያደርግ ስመ ጥር ብዙ አይገኝም።) ትምህርቱን ግን አላቋረጠም፤ በ1982 ዓ.ም. ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

በ1995 ዓ.ም. በሺካጎ ከተማ የሕዝብ ራዲዮ፥ ኋላ «ዚስ አሜሪካን ላይፍ» የተባለውን ዝግጅት ሲጀምር፥ ወደ ሙያው ከገባ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ዝግጅት ከሚናገሩት ብዙዎቹ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ማመንታታቸውም ብዙ ጊዜ ሳይቈረጥ ይሰማል።