ድምፅን በድምፅ መመርመር

የሠዓሊ ብሩሽ ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ የክራር ጅማት ቢበጠስ ሌላ ይወጠራል። የተዋናይ፣ የድምፃዊና የመምህር መሣሪያ ግን በማንቁርት ውስጥ የሚገኙ ሁለት አውታሮች ናቸውና ምትክ የላቸውም።

እነዚህን አውታሮች የሚያዙት ነርቮች የታይሮይድ ዕጢን ጀርባ ተጠግተው ያልፋሉ። ስለሆነም እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ነርቩ ሊለጠጥ፣ አልፎ አልፎም ሊቆረጥ ይችላል። ዝነኛዋ ጣሊያናዊት ድምፃዊት አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ እ.ኤ.አ. በ1935 እንቅርቷን ካስወጣች በኋላ ወደ ቀድሞ ዝናዋ አልተመለሰችም። ጥፋቱ የቢላዋው ነው ወይስ የዕድሜ የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚሁ ሕክምና አንገቴን ሰጥቼ ነበር። ስነቃ ከአፌ የወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ቃለ ተውኔት እያነበበ ተዋንያንን ለሚያስጠና ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የተለመደውና አስተማማኙ ምርመራ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ አውታሮቹን ማየት ነው። ሐኪሟ ግን አስቀድማ አንገቴን ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በማንቁርቴ ላይ አጋደመችና «ይተንፍሱ፤ አሁን ‹ኢ› ይበሉ» አለችኝ። በማሳያው ላይ አውታሮቹ የ«ለ» ፊደልን ቅርጽ ይዘው ታዩ። ስተነፍስ የግራው እግር ይከፈታል፤ የቀኙ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ጆሮ የማይሰማው ሞገድ የድምፄን ጉድለት አሳየኝ። ነርቩ አለመቆረጡ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ታይቶ ስለነበር ትዕግሥት ታዘዘልኝ፤ ከአራት ወር በኋላም ሁለቱ እግሮች እኩል ሲራመዱ አየሁ።

ዘዴው ወሰን አለው። በተለይ በዕድሜ በገፉ ወንዶች የማንቁርት ልም ዐጥንት እየደነደነ ሞገዱን ያግዳል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራው የግድ ነው። ይሁንና ጆሮን ብቻ ማመን ከዚህ የባሰ አደጋ አለው። አንዱ አውታር ሰንፎ ሳለ ጤነኛው እየተሻገረ ጉድለቱን ሊሸፍን፣ ድምፁም ያማረ መስሎ ሊሰማ ይችላል። በአንጻሩ ለማደንዘዣ የገባው ቱቦ ጉሮሮን አሻክሮ ጤነኛውን ነርቭ ሊያሳማው ይችላል።

እንቅርት በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ በድምፁ የሚያገለግል ሁሉ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊትም ሆነ በኋላ አውታሮቹ እንዲመረመሩለት ይጠይቅ፤ የቀድሞው ሁኔታ ካልታወቀ የኋለኛው ጉድለት ከየት እንደ መጣ ለመለየት ያዳግታልና። ብዕር የጻፈውን ለሕዝብ የሚያደርሰው ጉሮሮ ነው፤ ጥበቃም ይገባዋል።