ለሽንት ቤት የሚሆን አማርኛ



የዚህ ወር የወላጅ ጽሑፍ ተራው የእኔ ነው። ስለ ፊደል ገበታ ወይም ስለ በዓል ዝግጅት የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የምጽፍላችሁ ስለ ሽንት ቤት ነው። ቁርስ ላይ ያላችሁ ብትጨርሱ ይሻላል።

ከሁለት ወዳጅ ቤተሰቦች ጋር ሆነን በዌስት ቨርጂንያ ተራራ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት አለችን። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ትርቃለች። መብራት የላትም፣ የቧንቧ ውሃም የላትም። የቀድሞ ባለቤቶቿ በፈቃድ ያስቀበሩት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ግን አላት። የነበረው የሽንት ቤት መቀመጫ በበረዶ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ በዘንድሮው የትምህርት ቤት እረፍት በጣም ትንሽ ውሃ በሚጠቀም ለመተካት ወሰንን። ሥራውን ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄና ከስምንት ዓመት እኅቱ ጋር ሠራሁት። አንድ ደንብ ነበረን፦ እጃችን ሥራው ላይ እስካለ ድረስ አማርኛ ብቻ።

ለምን ከልጆቹ ጋር ትሉኝ ይሆናል። አምና ሁለቱንም ይዘን እናቴ ዘንድ ሄደን ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። በሁለተኛው ቀን ልጄ ውሃ አልጠጣም አለ። ሻይ እምቢ፣ ወተት እምቢ። እናቴ "ምን አድርጌው ነው?" ትለኛለች። ማታ ለብቻው ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ሽንት ቤቱን ፈርቶ ኖሯል። ጨለማ ነው፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ እወድቃለሁ ብሎ ነው። ላለመሄድ ሲል ነው የማይጠጣው።

እናቴ ግን የገባት ሌላ ነበር። "ቤቴን ተጸየፈው" ብላ ያዘች። እኔ ባስረዳትም ፊቷ አልተፈታም፤ "ለኔ ብለህ ነው" አለችኝ። ልጁ በራሱ አፍ "እማማ፣ ፈርቼ ነው" ቢላት ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ደግሞ የአንበሳውን፣ የቀለማቱን፣ የሳምንቱን ቀናት ስም ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገር የሚናገርበት አማርኛ ግን አልነበረውም። ትምህርት ቤታችንን መውቀሴ አይደለም። ይኼ ክፍል ውስጥ የሚገኝ አማርኛ አይደለም፤ የቤት ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረት አዲስ ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ከ1.6 ጋሎን በላይ ውሃ እንዳይለቅ በሕግ ተወስኗል። ወደ 6 ሊትር ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ይህን የሚቆጥረው የለም። የተራራዋ ቤት ውሃ ግን ከጣራ በአሸንዳ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን ጭነን የምንሄደው። ልጆቹን ወረቀትና እርሳስ አስያዝኳቸው። አምስት ሰው፣ እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ፣ በ6 ሊትር ሲባዛ 150 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 150 ኪሎ። "ማን ነው የሚሸከመው?" አልኳቸው። ዝም። "በግማሽ ሊትር ቢሆንስ?" 12 ሊትር ተኩል፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ትንሿ ትንሽ አሰበችና "እማማ ከወንዝ ስንት ኪሎ ትሸከም ነበር?" አለች። እንስራ በጀርባ ስለ መሸከም ያወራሁላቸው ያኔ ነው፤ ሳልጠየቅ ባወራ ማንም አይሰማኝም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ "ታዲያ ለምን 6 ሊትር ያስፈልጋል?" የሚል ነው። የተለመደው ሽንት ቤት ከሥሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቱቦ አለው። ጥምዝማዜው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቆማል፤ ሽታው ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈጠራ መብት ያገኘበት ብልሃት ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ውሃ ይበላል። ቆሻሻውን በጥምዝማዜው ለማሻገር ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ መውረድ አለበት። እኛ የገዛነው ጀልባና የቤት መኪና ውስጥ የሚገጠመውን ዓይነት ነው። ጥምዝማዜ የለውም። ከሥሩ መዝጊያ አለው፤ ፔዳሉን በእግር ሲረግጡት ይከፈትና ያለው ነገር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ይዘጋል። መዝጊያው ላይ የምትቀረው ጥቂት ውሃ ሽታውን ትይዛለች።

እንደኛ መሥራት የምታስቡ ካላችሁ አራት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከአካፋ በፊት ወረቀት። ስለ ፍሳሽ የሚወስነው የአካባቢው ጤና ቢሮ ነው፤ ደንቡም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ማጠራቀሚያ ቢኖራችሁም ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ውሃ ቆሻሻን ሩቅ አይወስድም። ማጠራቀሚያው ለቤቱ ቅርብ ይሁን፤ ቱቦው ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። የእኛን ልጄ በውሃ ልክ ለካው። አረፋው መሐል ሲቆም "ልክ ነው!" ብሎ የጮኸው ጩኸት ታች መንደር ሳይሰማ አልቀረም።

ሦስተኛ፣ ይኼ ዓይነቱ ሽንት ቤት የተሠራው በፓምፕ ለሚገፋ ውሃ ነው። በርሜል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብዙ አይረዳም፤ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚገኘው ግፊት ከአንድ ባር አሥረኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የውሃውን መስመር ጨርሶ ተውነውና አጠገቡ ባልዲና የግማሽ ሊትር ጣሳ አስቀመጥን። ፔዳሉን መርገጥ፣ ከጣሳው ማፍሰስ፣ እግር ማንሳት፣ በቃ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ውሃ መዝጊያው ላይ ማስቀረት እንዳትረሱ።

አራተኛ፣ የበረዶ ወራት። ውሃ ሲረጋ በመቶ ዘጠኝ ያህል ይሰፋል፤ የድሮውን መቀመጫ የሰነጠቀው ይኼው ነው። ቤቱን ከመዝጋታችን በፊት ውሃውን በሙሉ አራግፈን፣ ለቤት መኪና ቧንቧ የሚሸጠውን የማይረጋ ፈሳሽ እንጨምራለን። ለመኪና ሞተር የሚደረገው መርዝ ስለሆነ እሱን እንዳታስገቡ።

እጅ መታጠቢያውን ለብቻው ልጥቀስ። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና አለ። እዚያ ላይ ውሃ አንቆጥብም።

አሁን ወደ አማርኛው። መግጠም ስንጀምር ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ አቀበልኩት፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ልጄ "እነዚህ አማርኛ ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ባኞ ቤት የምንለውም፣ እናቶቻችን የሚያነዱት ሰጋቱራም ከዚያው ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ "ዳዶውን አጥብቅ" ሲል ጣልያንኛ እያወራ አይደለም። ቃሉ ከገባ፣ ከሠራ፣ የኛ ነው። ልጄ ይኼን ከሰማ በኋላ ቀለል ያለው መሰለኝ፤ እሱም ከሁለት አገር ነዋ።

ለአንዳንዱ ነገር ቃል አጥተናል። ወለሉ ላይ ተጣብቆ መቀመጫውን ከቱቦው ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ምን ይባል? እኔም አላውቅም። ደንባችን ቃል ሲጠፋ ማብራራት እንጂ ወደ እንግሊዝኛ መሸሽ አይደለም። "ከታች ያለው ቀለበት" አልነው፤ ሥራው አልቆመም። ልጆቻችን አንድ ቃል ሲጠፋቸው ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይጥሉታል፤ ቃል ሲጠፋ ዙሮ መሄድ እንደሚቻል ማየታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ትእዛዝ አንቀጹ ደግሞ በራሱ መጣ። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ሳብ፣ ግፋ፣ አጥብቅ። ልጄ እኅቱን "ያዝ!" ሲላት መቀመጫውን እንደያዘች ቀና ብላ "እኔ ወንድ ነኝ?" አለችው። "እሺ፣ ያዢ!" አለ። ከዚያ በኋላ "ሳቢ"፣ "ግፊ"፣ "አጥብቂ" ያለ ስሕተት ወረደ። ይኼን በደብተር ስንት ጊዜ እንደሠራነው መምህራኑ ያውቃሉ። ከባድ ዕቃ እጅ ላይ ሲሆን ግን ሰዋስው ቸልታ አይወድም።

እግረ መንገዳችንን አነጋገሩንም አነሳን። ክፍል ውስጥ "ሽንት ቤት መሄድ እችላለሁ?" ማለት ይበቃል። እንግዳ ፊት "መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?" ቢባል ይሻላል። እናቴ ዘንድ ግን ሁለቱም አይባልም፤ "ደጅ ልውጣ" ወይም "ወጣ ልበል" ብሎ ነው መነሳት። ሐኪም ዘንድ ደግሞ "ሰገራ" ይባላል፤ "ዓይነ ምድር" የሚሉም አሉ። ትንሿ "ዓይነ ምድር" ሲባል ሰምታ "የመሬት ዓይን?" ብላ በሳቅ ወደቀች። ያን ቃል መቼም አትረሳውም።

ማታ ከኮረብታው ወርደን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስንደርስ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልን። ልጄ የቀረጸውን አሳያትና ፔዳሉን፣ መዝጊያውን፣ ጣሳውን አስረዳት። እናቴ "ኧረ ለመሆኑ አሜሪካ ውሃ ጠፋ እንዴ?" አለች። ከሳቁ በኋላ፣ ማንም ሳይነግረው፣ እዚህ እንደተማረው በ"እርስዎ" እንዲህ አላት፦

"እማማ፣ አምና ውሃ ያልጠጣሁት ሽንት ቤቱን ፈርቼ ነው። ጨለማ ነበር። ቤትዎን ጠልቼ አይደለም።"

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። "አዬ የኔ ጌታ፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ባትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅህ ነበር እኮ።" ከእኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቀበለችውን ከእሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀበለች።

ከዚያ ሁለቱ እኔን ረስተው ወሬ ያዙ። "እርስዎ ምን ይጨምሩበታል?" አላት። አመድ እንደምትነሰንስበት ነገረችው፤ አመድ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መክራት የእጅ መታጠቢያ በሩ ላይ ማንጠልጠሏንም ነገረችው። እነዚህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየገጠሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ፣ ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ሴቶች ናቸው። ልጄ "እኛም በሩ ላይ ነው ያደረግነው!" አላት። የአያቱ ሽንት ቤት ለእሱ አስፈሪ ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ እሱ ውሃ መቆጠብ ያለበት ሰው የሠራው ሥራ ሆነ።

ወላጆች፣ ሁላችንም የተራራ ቤት የለንም፤ አያስፈልግምም። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የመኪና ጎማ መቀየር፣ ዶሮ መገነጣጠል፣ የእንጀራ ምጣድ ማሰስ፣ ሁሉም ይሆናል። የእኔ ምክር ይኼ ነው፦ በወር አንድ ሥራ ምረጡ። ልጁ በእውነት የሚያስፈልግበት ሥራ ይሁን፤ ዝም ብሎ የሚያይበት አይሁን። የሥራውን ቃላት አስቀድማችሁ ለራሳችሁ አሰባስቡ፤ ብዙዎቻችን ረስተናቸዋል። ቃል ሲጠፋ አብራሩ። እያስቸኮላችሁ "በቃ በእንግሊዝኛ ንገረኝ" አትበሉ፤ ሥራው ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይደለም።

ልጆቹን ስለሚያሳፍራቸውና ስለሚያስፈራቸው ነገር የሚናገሩበትን አማርኛም አትዝለሉት። አያት ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። ዘንድሮ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ከሻንጣው በፊት "ደጅ ልውጣ"፣ "ጨለማ እፈራለሁ"፣ "አብረሽኝ ነይ" የሚሉትን አስጠኗቸው።

እኛ ያሰባሰብናቸውን የመሣሪያና የሥራ ቃላት ለመምህራኑ ሰጥቻለሁ፤ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ስታመጡ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ። የጎደለውን ጨምሩበት። የዚያን የወለል ቀለበት ስም የሚያውቅ ቧንቧ ሠራተኛ ከመካከላችን ካለ ደግሞ ልጄ በጉጉት እየጠበቀ ነው።